ለመንዝ ድሃ ቤተሰቦች በግ ለመስጠት አስበናል፤ ከመግዛታችን በፊት ምክራችሁን እንሻለን

የካዛንቺስ ሠራተኛ፦

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ? በካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ባልደረቦች በየወሩ ከደመወዛችን እያዋጣን የምናጠራቅመው ገንዘብ አለን። እስካሁን ገንዘቡን በበዓል ሰሞን ለችግረኞች ዱቄትና ዘይት መግዣ እናውለው ነበር። ዱቄቱ ግን በወሩ ያልቃል፤ ቤተሰቡም ወደነበረበት ይመለሳል። ከመካከላችን በርካቶቹ የሰሜን ሸዋ ተወላጆች በመሆናቸው፣ በመንዝ ለሚኖሩ ጥቂት እጅግ ድሃ ቤተሰቦች ሊያረቡት የሚችሉትን እንስሳ እንስጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁላችንም ተስማምተንበታል።

ያልተስማማነው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። አንዳንዶቻችን ለብዙ ቤተሰብ አንዳንድ በግ ከሾላ ገበያ ገዝተን በአይሱዙ እንውሰድ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ቤተሰቦቹን ቀንሰን ለእያንዳንዳቸው ድቅል ላም እንስጥ እንላለን። የተሰጠው እንስሳ በስድስት ወር ውስጥ ቢሞት ወይም ቢሸጥ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ከሙያም ሆነ ከኑሮ የምታውቁትን ብታካፍሉን በብርቱ እናመሰግናለን።

የእንስሳት ሐኪም (ቄራ አካባቢ)፦

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከሾላ ገበያ አትግዙ። እዚያ የሚቀርበው በግ በአብዛኛው ለዕርድ የመጣ ወንድ በግ ነው፤ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ፣ በጉዞ ደክሞና ከማያውቀው መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሰነብት በሽታ ይዞ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቆላ የመጣ ከሆነ ደግሞ የመንዝን ብርድ አይችለውም። የመንዝ በግ አካሉ አነስተኛ ቢሆንም ሰውነቱን የሚሸፍነው ጸጉርና ላቱ ያን ውርጭና የበጋውን የመኖ እጥረት እንዲቋቋም አስችለውታል። ስለዚህ እንስሶቹ ከዚያው ከወረዳው፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ገበያ ይገዙ። የሚሻለው ደግሞ ገዢዋ ራሷ ተቀባይዋ ብትሆንና እናንተ የምትልኩት ሰው ከጎኗ ቢቆም ነው። የከተማ ሰዎች ገንዘብ ይዘው በአንድ ቀን ገበያ ከወጡ ዋጋው ይንራል፤ ያረጀችና የማትወልድ በግም ያን ዕለት ብቅ ትላለች።

አመራረጡን በዝርዝር ልንገራችሁ። የበጊቱን የታችኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ጥርሷን እዩ፤ ሁለት ወይም አራት ቋሚ ጥርስ ያወጣች ከሆነች ገና ለብዙ ዓመት የምትወልድ ወጣት ናት፤ ጥርሷ የተሸረፈ ወይም የተፈናቀለ ከሆነ ተዉአት። ቀጥሎ በአውራ ጣታችሁ የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ናት፤ ነጣ ካለ ግን ደሟን ትል እየመጠጠው ሊሆን ይችላል። ጡቷን ዳብሱ፤ እባጭ ወይም የደነደነ ነገር ሊኖር አይገባም፤ ሁለቱም ጫፎች ጤነኛ መሆን አለባቸው። በመጨረሻም ጥቂት አራምዷትና የምታነክስ መሆን አለመሆኗን አረጋግጡ። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ቤተሰቡን ሁለት ዓመት ያስከፍለዋል።

ስለ በሽታ ልጨምር። ከብትን በመንጋ ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል የተባለው ግን ዛሬም በአገራችን አለ። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚመረት ሲሆን፣ በትክክል ከተሰጠ አንድ ጊዜ ተከትቦ ለሦስት ዓመት ያህል ይከላከላል። በመንዝ ረግረጋማ ሜዳዎች የጉበት ትልም አለ፤ በውሃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ስለሚተላለፍ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መድኃኒት ማጠጣትን በዕቅዳችሁ አስገቡ። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳታነጋግሩ አንዲት በግ እንኳ እንዳትገዙ አደራ እላለሁ።

የመንዝ ልጅ (ፒያሳ)፦

ዶክተር፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ ነው፤ አሁን በፒያሳ የባህል ልብስ እነግዳለሁ። የእኛ አገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለሆነ ከገብስ በቀር የሚተማመኑበት እህል ጥቂት ነው። ገብሱንም በአንድ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ገብሱ በተመታበት ዓመት ቤተሰቡን የሚያወጣው በግ ነው። ወንዱ ለበዓል ይሸጣል፤ ከዋጋው የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ የልጆች ደብተር ይገዛል። ከጸጉሩ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል፤ ያለ ባና ደግሞ የዚያን አገር ሌሊት ማለፍ ከባድ ነው። በግ የሌለው ሰው ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው ሲታመም የሚሸጠው፣ ልጅ ሲድር የሚያርደው፣ ሲበደር ዋስ የሚሆነው ነገር የለውም።

እናቴ በክረምት የተወለደች ግልገል ስትደክም ሌሊቱን ሙሉ በአሮጌ ባና ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታስተኛት ነበር። ሲነጋ ወደ እናቷ ትመልሳትና እስክትጠባ ድረስ አንገቷን ደግፋ ትቆማለች። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች ያለፈች ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች። ይህን የሚያደርግ ሰው በቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ ከንጋት እስከ ማታ በቀን ሥራ የምትውል እናት ግን ጊዜውን ከየት ታመጣዋለች?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እረኝነቱ ነው። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ሁለት በግ ከተሰጣት ማን ያግዳቸዋል? ታላቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በመልካም ሐሳብ የተሰጠ በግ የልጅን ትምህርት ሊያስቀር እንደሚችል በቅድሚያ ልናስብበት ይገባል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በአንድ ጎጥ የሚኖሩ አራት ወይም አምስት ተቀባዮች በጎቻቸውን አንድ ላይ አድርገው በተራ ያግዱ። ስለዚህ ሰጪዎቹ ቤተሰቦቹን ከተለያየ ቀበሌ አንድ አንድ አድርገው ባይመርጡና በአንድ ጎጥ ጎረቤታሞችን ቢመርጡ እመክራለሁ።

ሂሳብ ሠራተኛ (ሜክሲኮ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ዶሮስ ለምን አይታሰብም? ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው፤ እረኛ አትፈልግም፤ እንቁላሏም በቶሎ ገንዘብ ይሆናል። እንደ ሳሶ ያሉ ዝርያዎች ብዙ እንቁላል እንደሚጥሉ እሰማለሁ። ድቅል ላምም ቢሆን በቀን አሥር ሊትር ከታለበች አንድ ቤተሰብ በእርሷ ብቻ ሊኖር የሚችል ይመስለኛል።

የእንስሳት ሐኪም (ቄራ አካባቢ)፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የተሻሻሉት ዝርያዎች ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ልዩነቱ ግን ከመኖ ጋር የተያያዘ ነው። የአገር ዶሮ ጓሮ ውስጥ ጭራ ትኖራለች። የተሻሻለችው ግን በቀን ከ100 ግራም ያላነሰ የተመጣጠነ መኖ ትሻለች፤ ካላገኘች እንቁላሏን ታቆማለች። ለራሱ የሚበላው ያጣ ቤተሰብ መኖ ገዝቶ ሊያበላት አይችልም። ከዚያ ደግሞ ፈንግል አለ። ፈንግል ከገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሊያልቅ ይችላል። ክትባቱ ርካሽ ቢሆንም አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በዚያው ዕለት ማለቅ ስላለበት ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ዶሮውን አሰባስቦ ማስከተብና ይህንኑ በየጥቂት ወሩ መደጋገም ይኖርበታል። ይህን የሚያስተባብር ሰው ካለ ዶሮ ጥሩ ጅምር ናት፤ ከሌለ ግን አልመክራችሁም። ሸለምጥማጥንና ጭልፊትንም አትርሱ።

ድቅል ላምን በተመለከተ፣ አሥር ሊትር የምትሰጥ ላም በየቀኑ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ትፈልጋለች፤ ብዙ ውሃም ትጠጣለች፤ ውሃውን ከምንጭ የሚቀዱት ደግሞ እናትና ሴት ልጆች ናቸው። ወተቱን የሚገዛ ከተማ በቅርብ ከሌለ ምርቱ ገንዘብ አይሆንም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ ገዢው ይጠፋል። ላሟ ከሞተች ሀብቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል። ለደብረ ብርሃን ወይም ለሰንዳፋ ዙሪያ፣ መሬትና ጥቂት ጥሪት ላለው ገበሬ ድቅል ላም መልካም ናት። እናንተ ለምታስቧቸው ሰዎች ግን አትሆንም።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ (አራት ኪሎ)፦

በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ ጥቂት ልጨምር። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ቤተሰቦች በሥራ ምትክ እህልና ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ በየዓመቱ ንብረቱን እየሸጠ የሚበላ ቤተሰብ ቢያንስ ያለችውን አንድ ፍየል እንዳይሸጥ አድርጓል። ይሁን እንጂ ከረሃብ መጠበቅ ከድህነት ከማውጣት የተለየ ሥራ ነው። እንስሳ የሚሰጠውም ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት አለ። በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በህንድ፣ በፓኪስታን፣ በፔሩና በሆንዱራስ ከ10,000 በላይ እጅግ ድሃ ቤተሰቦችን ያካተተ ሲሆን፣ በእኛ አገር ሥራው የተካሄደው በትግራይ ነበር። አሠራሩ በባንግላዴሽ የተጀመረ ነው። ለቤተሰቡ የመረጠው ሀብት፣ ብዙውን ጊዜ እንስሳ፣ ይሰጠዋል፤ እንስሳው ገቢ እስኪያመጣ ድረስ የዕለት ቀለብ ይደገፋል፤ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ቁጠባ ይጀምራል፤ ሠራተኛ እስከ ሁለት ዓመት እየተመላለሰ ይጎበኘዋል። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ በአብዛኞቹ አገሮች የቤተሰቦቹ ፍጆታና ሀብት ከማይደገፉት ተሽሎ ተገኝቷል። በሆንዱራስ ግን ብዙዎቹ የመረጡት ዶሮ ስለነበረ፣ ዶሮዎቹም በበሽታ ስላለቁ ሀብቱ ሳይጸና ቀርቷል። ዶክተር ስለ ፈንግል የጻፉትን የሚያጠናክር ማስረጃ ነው።

ለእናንተ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅማችሁ የዕለት ቀለቡ ጉዳይ ይመስለኛል። በግ እርጉዝ ሆና የምትቆየው አምስት ወር ነው፤ ግልገሏ አድጋ እስክትሸጥ ደግሞ ቢያንስ ሌላ ስድስት ወር ይፈጃል። እርጉዝ በግ የተረከበች እናት በነሐሴ ልጇ ሲርባት በጊቱን ብትሸጥ ጥፋቱ የሰጪው እንጂ የእርሷ ሊባል አይችልም። በመሆኑም ካጠራቀማችሁት ገንዘብ ግማሹን ያህል ለእንስሳ መግዣ፣ የቀረውን ለክትባት፣ ለመኖና ለክረምቱ ወራት ቀለብ ብትመድቡ ብዙ ቤተሰብ ከመድረስ ይልቅ ጥቂቶቹን ማጽናት ትችላላችሁ። የዱቄቱን እርዳታ ጨርሳችሁ አትተዉት፤ ጊዜውን ብቻ ከበዓል ወደ ክረምት አዛውሩት።

«ገንዘቡን በእጃቸው ለምን አንሰጥም?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔም በመርሕ ደረጃ አልቃወምም። ነገር ግን በወረዳው ገበያ ጤነኛ እንስሳ፣ በክሊኒኩ ክትባት ካልተገኘ ገንዘቡ ብቻውን ጉድለቱን አይሞላም። ምርጫው ግን የተቀባይዋ ይሁን። በግ አልፈልግም፣ ንብ እፈልጋለሁ ወይም በመንደር ገበያ ጨው መነገድ እፈልጋለሁ ካለች ልትደመጥ ይገባል።

የቦረና ልጅ (ስታዲየም አካባቢ)፦

ስለ መንዝ የተባለው ለመንዝ ይሠራል፤ በአርብቶ አደሩ አገር ግን ነገሩ ይለያል። በሌላ ጊዜ ወደ ቆላ ብትሻገሩ ይጠቅማችሁ ይሆናልና ልጻፍ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይዘንብ አለፉ፤ ብዙ ከብት የነበረው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። እንዲህ ላለ ሰው ሁለት ፍየል መስጠት ወደ አርብቶ አደርነቱ አይመልሰውም፤ ከመንጋው ጋር ለመንቀሳቀስ የሚበቃ ቁጥር ያስፈልገዋልና።

በቦረና ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፤ ሽማግሌዎችም ሁኔታውን መርምረው ከየዘመዱ ጊደርና ላም ያወጡለታል። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ይህን ሥርዓት ከመተካት ይልቅ በእርሱ በኩል ቢገባ ችግረኛውን የሚለዩት የሚያውቁት ሰዎች ይሆናሉ። ሌላው ኢንሹራንስ ነው። በቦረና በ2004 ዓ.ም. በኦሮሚያ ኢንሹራንስ አማካይነት የተጀመረ ውል አለ። የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ለውል ገቢው ክፍያ ይፈጸማል። የሞተ ከብት መቁጠር አያስፈልግም፤ በገንዘቡም ከብቱ ሳይሞት መኖና ውሃ ሊገዛበት ይችላል። እንስሳ ሰጥቶ ድርቁን ሳያስቡ መሄድ ከፊሉን ሥራ ብቻ ሠርቶ መተው ነው።

የካዛንቺስ ሠራተኛ፦

ሁላችሁም በዚህ መጠን ስለደከማችሁልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። ባልደረቦቼ እያንዳንዱ ተቀባይ በመጀመሪያ የተወለደችውን ሴት ግልገል ለሌላ ችግረኛ እንዲያስተላልፍ ውል እንዲገባ ይፈልጋሉ። ሄፈር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ በዚህ ልማድ እንደሚሠራ አንብበናል። ይህ ለመንዝ ይስማማል ትላላችሁ?

የመንዝ ልጅ (ፒያሳ)፦

ወንድሜ፣ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ በጊዜው ግን አልስማማም። በአገራችን የርቢ ውል የተለመደ ነው። በግ ያለው ሰው ለሌለው ያረባለት ዘንድ ይሰጣል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ፤ እናቲቱ ግን የባለቤቷ ሆና ትቀራለች። ብዙ ድሃ ሴቶች በዚህ መንገድ ዓመታት ለፍተው የራሳቸው የሚሉት በግ ሳይኖራቸው ይቀራሉ። ስለዚህ የምትሰጡት በግ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የተቀባይዋ መሆኑ በሽማግሌ ፊት ይነገር፤ ባል ካላትም በስሟ ይመዝገብ። ከዚያ በላይ የሚታሰር ነገር አይኑር።

ስለ ማስተላለፉ ሂሳቡን እንመልከት። ሁለት እናት በግ በጥሩ አያያዝ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ያ ስድስት ግልገል ማለት ነው። ሁለቱ በብርድና በበሽታ ይሞቱ እንበል። ከቀሩት አራት ግማሾቹ ወንዶች ቢሆኑ ለበዓል ይሸጣሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ይቀራሉ። የመጀመሪያዋን ሴት ግልገል ወዲያው ካወጣች ለምትክ የሚቀራት አንዲት ብቻ ናት፤ ከእናቶቹ አንዲቱ ብትሞትባት ወደ ጀመረችበት ሁለት በግ ትመለሳለች። እናት በጎቿ አራት ከሞሉ በኋላ አንዲት ጤነኛ ሴት በግ ለጎረቤቷ እንድትሰጥ ቢደረግ ግን ማንም ቅር አይለውም። የምትቀበለውንም እነዚያው በአንድነት የሚያግዱት ሴቶች ይምረጧት። ከአዲስ አበባ ሆነን ልንመርጥላቸው አይገባም።

የካዛንቺስ ሠራተኛ፦

ዛሬ ከሥራ በኋላ ተሰብስበን የጻፋችሁትን በሙሉ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። የላሙ ሐሳብ ቀርቷል፤ ከሾላ መግዛቱም ቀርቷል። በአንድ ጎጥ ለሚኖሩ ጎረቤታሞች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት እናት በግ ከመሐል ሜዳ ገበያ ራሳቸው እንዲገዙ ተስማምተናል። ከገንዘቡ ግማሹን ለክትባት፣ ለትል መድኃኒት፣ ለመኖና ለክረምት ቀለብ ለይተናል። የበዓሉ ዱቄት ወደ ሐምሌና ነሐሴ ተዛውሯል። የማስተላለፉ ውል በመንዟ እኅታችን ሐሳብ መሠረት ይሻሻላል። የቤተሰቦቹን ቁጥር መቀነሳችን አንዳንዶችን አሳዝኗል፤ እኔንም አሳዝኖኛል።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ። የምንገዛው ከመስቀል በኋላ ይሁን ወይስ አዝመራው እስኪሰበሰብ እንጠብቅ?

የእንስሳት ሐኪም (ቄራ አካባቢ)፦

አዝመራው ይሰብሰብ። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ የገብስ ገለባ በየቤቱ ይኖራል፤ በጎቹም የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳይራቡ አካባቢውን ይላመዳሉ። ለገና የሚጨምረው በዋናነት የወንድ በግ ዋጋ ስለሆነ አትስጉ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ፈጽሙ። አንደኛ፣ የወረዳው ባለሙያ የደስታ መሰል ክትባት መቼ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ያሳውቃችሁ። ሁለተኛ፣ ተቀባዮቹ ገለባውን ሳይሸጡ እንዲያከማቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የራሱ ማሳ ለሌለው ቤተሰብ ደግሞ ከለያችሁት ገንዘብ ገለባ ግዙለት። ከተገዙ በኋላም አዲሶቹ በጎች ከጎጡ መንጋ ሳይቀላቀሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ተለይተው ይቆዩ። ለግዢው ዕለት ሰው ካጣችሁ እኔ አብሬ እወርዳለሁ፤ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ።